የሚደራረቡ ስዊቾችና ያልተቋረጠ አገልግሎት፦ የካዛንቺስ የቢሮ ሕንፃዎች እንደ ማሳያ

1. መግቢያ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ከአዲስ አበባ ዋና ዋና የሥራ ማዕከላት አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ከሆቴሎች፣ ከባንክ ቅርንጫፎችና ከባለብዙ ፎቅ ቢሮዎች ጋር ተጎራብተው ይገኛሉ። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ የኔትወርክ መሣሪያ ሲቆም ባለጉዳዩ የሚሰማው ቃል አጭር ነው፦ «ሲስተም የለም»። ገንዘብ ሊያወጣ ወይም ማስረጃ ሊቀበል የመጣ ሰው የሥራ ቀኑን አጥቶ ይመለሳል።

መሥሪያ ቤቶች ይህን ችግር ለማቃለል ከሚመርጧቸው መፍትሔዎች አንዱ በሙያው ቋንቋ ስታክ የሚባለው አሠራር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስታክ ከየትኛው ብልሽት እንደሚያድንና ከየትኛው እንደማያድን መለየት ነው። ጽሑፉ የሚያስረዳው ዋና ነጥብም የአገልግሎት ዋስትና የሚለካው በመሣሪያዎች ብዛት ሳይሆን በአንድ ምክንያት አብረው በማይወድቁ ክፍሎች ብዛት መሆኑን ነው።

2. የስታክ አሠራር

በስታክ ውስጥ ብዙ ስዊቾች በልዩ ገመድ ተያይዘው እንደ አንድ ስዊች ይሠራሉ፤ በአንድ አድራሻም ይተዳደራሉ። ሲስኮ ስታክዋይዝ የተባለውን ቴክኖሎጂ በካታሊስት 3750 ስዊቾች ላይ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን እስከ 9 ስዊቾችን ያያይዝ ነበር። ከአባላቱ አንዱ መሪ ይሆናል፤ መሪው ሲወድቅ ሌላ አባል ቦታውን ይወስዳል። የማያያዣ ገመዶቹ የመጨረሻውን ስዊች ከመጀመሪያው ጋር አገናኝተው ቀለበት ከሠሩ፣ አንድ ገመድ ቢቋረጥ መረጃው በሌላው አቅጣጫ ይሄዳል።

ወደ ዋናው ስዊች የሚወጡት ሁለት መስመሮች ከሁለት የተለያዩ አባላት ተነስተው በአንድነት ሲታሰሩም የአንዱ አባል መውደቅ ፎቁን ከሕንፃው አይነጥለውም። በቀድሞው የስፓኒንግ ትሪ ሥርዓት ተጠባባቂው መስመር ሥራ እስኪጀምር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ በታሰሩ መስመሮች ግን ገመዱ መቋረጡ ወዲያው ከታወቀ ሽግግሩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው።

3. ስታክ የማይሸፍናቸው ጉድለቶች

አንደኛ፣ በአንድ ገመድ ብቻ የተገናኘ ኮምፒውተር የተሰካበት አባል ሲወድቅ አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ የአንድ ክፍል የባንክ መስኮቶችና የዋይፋይ ማሰራጫዎች በሁለት አባላት ላይ ተፈራርቀው መሰካት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ሁሉም አባላት አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ይጭናሉ፤ በሶፍትዌሩ ያለ እንከን ሁሉንም ሊነካ ይችላል፤ ሶፍትዌሩን ማደስም በአብዛኛው መላውን ስታክ ማስነሳት ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ቀለበቱ በሁለት ቦታ ከተቆረጠ ስታኩ ለሁለት ሊከፈልና ሁለት መሪዎች በአንድ አድራሻ ሊሠሩ ይችላሉ። ይህን የሚለይ ስልት አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ግጭቱ ከብልሽቱ የከፋ ይሆናል።

4. የጋራ ምክንያት ክብደት

ለስሌት ያህል እያንዳንዱ ስዊች ከዓመቱ 99 በመቶውን ይሠራል እንበል። አንዱ ብቻ ቢኖር በዓመት 87.6 ሰዓት ይቆማል። እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት ስዊቾች ቢኖሩ ግን ሁለቱም አብረው የሚቆሙበት ጊዜ ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። ሆኖም ሁለቱ ከአንድ የኃይል ምንጭ ቢመገቡና ያ ምንጭ 99.5 በመቶ ብቻ ቢሠራ፣ መቋረጡ ተመልሶ ወደ 45 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ለሁለተኛው ስዊች የወጣው ገንዘብ የታሰበውን ያህል ጥቅም አያስገኝም ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሮቹ ሁሉ ከአንድ ካስማ ላይ ከታሰሩ ግን ካስማው ሲነቀል አብረው ይወድቃሉ። በሕንፃዎቻችን ካስማው ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። ጄኔሬተር እስኪነሳ የሚያልፉት ጥቂት ሰከንዶች ስዊቹን ካጠፉት፣ ስዊቹ ተመልሶ እስኪነሳ ደግሞ ደቂቃዎች ይጨመራሉ። ዩፒኤስ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሁለት የኃይል ማስገቢያ ያለው ስዊች ሁለቱም ገመዶቹ በአንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩ ዩፒኤሱ በተበላሸ ቀን እንደ ባለ አንድ ማስገቢያ ይቆጠራል።

ሌላው ካስማ ወደ ሕንፃው የሚገባው ፋይበር ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስን ያካተተው የኮሪደር ልማት በምሰሶ ተንጠልጥለው የነበሩ መስመሮችን ወደ መሬት ውስጥ አስገብቷል። ይህ መስመሮቹን ከተሽከርካሪ ግጭትና ከነፋስ ይጠብቃል፤ ይሁንና ሁለት ፋይበሮች በአንድ ቦይ ውስጥ ካለፉ አንድ የቁፋሮ ማሽን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊቆርጣቸው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር የሚገባበት አቅጣጫ ከመጀመሪያው የተለየ መሆኑ በቦታው መረጋገጥ አለበት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የሁለተኛ ኦፕሬተርን የሞባይል ዳታ ለአስፈላጊ ሥራዎች በተጠባባቂነት መያዝም ተችሏል።

5. የፍተሻ ቅደም ተከተል

ያልተፈተነ ተጠባባቂ እንደሌለ ይቆጠራል። ባለጉዳይ በሌለበት ቀን፣ አስቀድሞ በማሳወቅ፣ የሚከተሉት በየተራ ቢቋረጡ ውጤቱ በግልጽ ይታያል፦ መጀመሪያ አንድ የማያያዣ ገመድ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ከሚወጡት መስመሮች አንዱ፣ ከዚያ የመሪው ስዊች ኃይል፣ በመጨረሻም የፎቁ ዋና ብሬከር። በእያንዳንዱ ደረጃ አገልግሎቱ ስንት ሰከንድ እንደተቋረጠ በፒንግ ተለክቶ ይመዘገባል። ሦስቱን አልፎ በአራተኛው የሚወድቅ ሕንፃ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ስዊች ሳይሆን የተለየ የኃይል መስመር ነው።

6. ማጠቃለያ

ስታክ የአንድን ስዊች ብልሽት የሚችል፣ አስተዳደርንም የሚያቀል ጠቃሚ አሠራር ነው። ነገር ግን የጋራ ኃይል፣ የጋራ ቦይና የጋራ ሶፍትዌር ያመጡትን ጉዳት አይመልስም። መሥሪያ ቤቶች ለግዥ የሚያወጡት ዝርዝር «ስንት ስዊች?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «እነዚህ ስዊቾች በምን ምክንያት አብረው ሊቆሙ ይችላሉ?» የሚለውንም ቢጠይቅ፣ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ የሚጠብቀው ባለጉዳይ የተሻለ አገልግሎት ያገኛል።