የብስክሌት የፊት ማርሽ መቀየሪያ አስተካከል በዳገታማ መንገድ፦ ከዳባት እስከ ሊማሊሞ

መግቢያ

ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ሜዳና ዳገት ይፈራረቃሉ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ደግሞ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል፤ ለተመላሹም ያንኑ ያህል ዳገት ይሆንበታል። በእንዲህ ያለ መንገድ የማርሽ አለመታዘዝ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዳገት ላይ ካቴናው የወለቀበት ብስክሌተኛ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ስለሚሆንበት ሚዛኑን ስቶ በተሽከርካሪ ፊት ሊወድቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የፊት ማርሽ መቀየሪያ ዳገት ላይ ለምን እንደሚያስቸግርና በምን ቅደም ተከተል ሊስተካከል እንደሚገባ ያብራራል።

የአሠራሩ ባሕርይ

የኋላው መቀየሪያ ካቴናውን የሚመራው ላላ ባለው የታችኛው ክፍል በኩል ነው። የፊተኛው ግን የእግር ጉልበት በሚያልፍበት፣ በተወጠረው የላይኛው ክፍል ላይ ይሠራል። በተጨማሪም በአብዛኞቹ ብስክሌቶች ሽቦው መቀየሪያውን ወደ ትልቁ የፊት ጥርስ ይስበዋል፤ ወደ ትንሹ የሚመልሰው ግን ሞላው ብቻ ነው። የበጋ አቧራ ወይም የክረምት ጭቃ የገባበት ሽቦ ይህን ሞላ ያዳክመዋል። ስለዚህ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ቀላሉ ማርሽ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

የማስተካከል ቅደም ተከተል

1. ሽቦው ከነሽፋኑ ይጸዳል፤ ከዛገ ወይም ከተበጣጠሰ ይቀየራል።
2. የመቀየሪያው የውጭ ክንፍ ከትልቁ ጥርስ ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል፣ ከጥርሱም ጎን ለጎን ትይዩ እንዲሆን ይታሰራል።
3. ሽቦው ተፈትቶ ካቴናው በፊት ትንሹ፣ በኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ይደረጋል። የውስጠኛው ወሰን ብሎን በካቻቢቴ ተዙሮ በካቴናውና በውስጠኛው ክንፍ መካከል 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ይተዋል።
4. ሽቦው ተወጥሮ ይታሰራል።
5. ካቴናው በፊት ትልቁ፣ በኋላ ትንሹ ጥርስ ላይ ሆኖ የውጭው ወሰን ብሎን በተመሳሳይ ልክ ይስተካከላል።

ውይይት

የተለመደው ስህተት ከብሎኖቹ መጀመር ነው። ብሎኖቹ የመቀየሪያውን ድንበር ይወስናሉ እንጂ ፍጥነቱን አይወስኑም። ሽቦው በቆሻሻ ተይዞ ካቴናው ወደ ትንሹ ጥርስ ሲዘገይ የውስጡን ብሎን ማላላት ለጊዜው መፍትሔ ይመስላል። ሽቦው ሲጸዳ ግን ድንበሩ ስለሰፋ ካቴናው ትንሹን ጥርስ አልፎ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ የብስክሌቱንም አካል ይፍቃል። ቁመቱ ሳይስተካከል ብሎን ማዞርም እንዲሁ ድካሙን ከንቱ ያደርጋል፤ ቁመቱ በተለወጠ ቁጥር ክፍተቱም ይለወጣልና።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍተሻ ነው። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ፔዳሉ በእጅ ሲዞር ካቴናው ጭነት ስለሌለበት በሚገባ ያልተስተካከለ ማርሽም ሊታዘዝ ይችላል። በመሆኑም የመጨረሻው ፍተሻ መኪና በማይበዛበት ለስላሳ ዳገት ላይ ቢደረግ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

አስተማማኝ ማርሽ የሚገኘው ከሽቦ ወደ ቁመት፣ ከቁመት ወደ ወሰን በሥርዓት በመሄድ ነው። ሆኖም የትኛውም አስተካከል ከተወጠረ ካቴና ጋር መታገልን አያስቀርም። ብስክሌተኛው ዳገቱ ሳይጀምር፣ ፔዳሉን ለአንድ ዙር ቀለል አድርጎ እየረገጠ ማርሹን ቢቀይር ካቴናውንም ራሱንም ይጠብቃል።