ዘርን በፖስታ መላክ፦ ርካሽ አስተሻሸግና አስፈላጊው ጥንቃቄ

ድርቅ ከገበሬው ቤት የሚወስደው ነገር ብዙ ነው። በመጀመሪያ ከብቱ፣ ቀጥሎ የቤቱ ዕቃ፣ በመጨረሻም ለዘር ተብሎ የተቀመጠው እህል ይሄዳል። ዘሩን የበላ ቤተሰብ ዝናቡ በወቅቱ ቢጥልለትም እንኳ የሚዘራው የለውም። በሠፈራ አካባቢ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1985 እና በ1986 እ.ኤ.አ. 600,000 ያህል ሰዎች በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሠፍሩ፣ ብዙዎቹ ከደጋና ከወይና ደጋ ወደ ቆላ የወረዱ በመሆናቸው በልማድ የሚያውቁት ዘር ሁሉ ለአዲሱ መሬት የሚስማማ አልነበረም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አንድን ዘር በብዛት ከማከፋፈል በፊት በጥቂቱ አስመጥቶ በቦታው መሞከር እንደሚገባ ነው።

ጥቂት ዘር ለማስመጣት መኪና ማዘዝ አያስፈልግም፤ ፖስታ ይበቃል። ይሁን እንጂ የጥቅሉ መድረስ ብቻውን ግብ አይደለም። ዘር ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ በመንገድ ላይ ሊታፈን፣ ሊሻግት፣ ሊነቅዝና ሊሰበር ይችላል። ሞቶ የደረሰ ዘር መልኩ ከደኅናው ስለማይለይ ጉዳቱ የሚታወቀው ተዘርቶ ሳይበቅል ሲቀር ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የዘር ወቅቱ አልፏል።

፩. በፖስታ ሊላክ የሚገባውና የማይገባው

አንድ ሄክታር ስንዴ ለመዝራት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ዘር ስለሚያስፈልግ፣ ለማሳ የሚሆን የእህል ዘር በፖስታ የሚላክ አይደለም። በአንጻሩ ለአንድ ሄክታር ጥቅል ጎመን የሚያስፈልገው የችግኝ ዘር ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው። በአንድ ግራም ውስጥ 300 ያህል የቲማቲም ፍሬ ይገኛል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አንድ ግራም ከ2,500 የማያንስ ፍሬ ይይዛል። ስለዚህ ለፖስታ የሚስማሙት የጓሮ አትክልት ዘሮች፣ ለሙከራ የሚሆኑ የእህል ናሙናዎች፣ እንዲሁም ለምርመራ ወይም ለጥበቃ ወደ ዘር ባንክ የሚላኩ ናሙናዎች ናቸው።

፪. ከማሸግ በፊት ማድረቅ

የዘርን ዕድሜ የሚወስኑት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። በዘር አጠባበቅ ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ግምታዊ ሕግ አለ፤ ይኸውም የዘሩ እርጥበት ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል የሚል ነው። የፖስታ ከረጢት በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም ሆነ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ሊውል ስለሚችል ላኪው በሙቀቱ ላይ ሥልጣን የለውም። በእጁ ያለው እርጥበቱን መቀነስ ብቻ ነው።

ዘሩ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር በስሱ ተሰጥቶ በየጊዜው እየተገላበጠ መድረቅ አለበት። በጋለ ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ወይም በእሳት ማሞቅ ዘሩን ሊገድል ይችላል። ይበልጥ ለማድረቅ ሲፈለግ ዘሩ በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ፣ በክብደት ከእርሱ ጋር እኩል ከሆነ ሲሊካ ጄል ጋር፣ ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ሲሊካ ጄል ካልተገኘ እስኪጠቁር ድረስ የተቆላና ተከድኖ የቀዘቀዘ ሩዝ በብዛት ቢጨመር እርጥበትን በመምጠጥ ያገለግላል።

መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ጨው ይረዳል። ጥቂት ዘር ከደረቀ ጨው ጋር በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ ከተናጠ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነውና ሊላክ አይገባም። ካልተጣበቀ ግን ከዚያ በታች መሆኑን እንጂ አየር በማያስገባ ዕቃ ለመታሸግ መድረቁን አያረጋግጥም።

፫. ነቀዝንና አረምን ማስወገድ

ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ከውጭ ደኅና መስለው በውስጣቸው የነቀዝ ዕጭ ሊይዙ ይችላሉ። በደንብ የደረቀው ዘር ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቢቆይ ነቀዙ ይሞታል። ያልደረቀ ዘር ግን በቅዝቃዜው ራሱ ይጎዳል። ከማቀዝቀዣ የወጣው ጥቅል ጤዛ እንዳይዝ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ድረስ መከፈት የለበትም።

የአረም ዘርም በትዕግሥት መለቀም አለበት። የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ሲሆን በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ፓርቴኒየም የተባለው አረምም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዕርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ በብዙዎች ዘንድ ይታመናል። ለረሃብ የተላከ እህል ይህን ካመጣ፣ ለመዝራት ተብሎ የሚላክ ዘር የሚጠይቀው ጥንቃቄ ከዚያ የበለጠ ነው።

፬. የአስተሻሸግ ዘዴ

ሀ. ወረቀት ወይስ ፕላስቲክ? ወረቀት እርጥበት ያስገባል፤ ያስወጣልም። ፕላስቲክና የአሉሚኒየም ሽፋን ያለው ከረጢት ግን የታሸገበትን እርጥበት ይዞ ይቆያል። በመሆኑም በሚገባ ያልደረቀ ዘር በፕላስቲክ ቢታሸግ በወረቀት ከታሸገው ፈጥኖ ይሞታል። ዘሩ በመጠኑ የደረቀና ጉዞው አጭር ከሆነ ወረቀት ይበልጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በዝናብ ወራት ወይም ለረጅም ጉዞ ሲላክ ግን የአትክልት ዘር ከ5 እስከ 8 በመቶ፣ የእህል ዘር ከ10 በመቶ ወዳልበለጠ እርጥበት ደርቆ፣ እንደ ኑግና ሰሊጥ ያሉት የቅባት እህሎችም ከዚያ ባነሰ መጠን ደርቀው፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ሊታሸጉ ይገባል።

ለ. የውስጥ ከረጢት። በአንድ በኩል የተጻፈበት የቢሮ ወረቀት ታጥፎ ጠርዞቹ በሙጫ ቢያያዙ ጥሩ ከረጢት ይወጣዋል። ጤፍን የመሰለ ደቃቅ ዘር በማዕዘን በኩል ስለሚያፈስ ማዕዘኖቹ ሁለት ጊዜ ታጥፈው በፕላስተር መለጠፍ አለባቸው። የስቴፕለር ሽቦ ዘሩን ይወጋል፤ ከረጢቱንም ይቀዳልና አይመከርም።

ሐ. ከመጨፍለቅ መጠበቅ። ፖስታው ማኅተም ሲመታበትና ከከባድ ጥቅል ሥር ሲውል ዘሩ ይሰበራል። ስለዚህ ዘሩ በአንድ ቦታ ሳይከመር በከረጢቱ ውስጥ ተዘርግቶ ከአሮጌ ካርቶን በተቆረጡ ሁለት ቁራጮች መካከል ይደረጋል። እንደ ባቄላና በቆሎ ያለ ትልልቅ ፍሬ ግን በትንሽ ሣጥን ቢላክ ይሻላል። በዓለም አቀፍ የፖስታ አሠራር የትንሽ ጥቅል የክብደት ወሰን 2 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ካርቶኑ ጭምር አስቀድሞ ቢመዘን ከተጨማሪ ወጪ ያድናል።

፭. መለያ ጽሑፍ

በዚህ ረገድ ዓለም የማይረሳው ትምህርት የኢራቅ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከድርቅ በኋላ ወደዚያች አገር የገባው የስንዴና የገብስ ዘር ሜርኩሪ ባለበት ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ነበር። በከረጢቶቹ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የተጻፈ በመሆኑ ገበሬዎቹ ሊያነቡት አልቻሉም። በብዙ ቦታም ዘሩ የደረሰው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነበር። ቀዩ ቀለም በውኃ ሲታጠብ ስለለቀቀ መርዙም የለቀቀ መሰላቸው፤ ዳቦም ጋግረው በሉት። በዚህ ሳቢያ 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ ከእነርሱ መካከል 459 ሞተዋል።

ስለዚህ በመድኃኒት የታሸ ዘር ለችግረኛ ቤተሰብ በፖስታ ባይላክ ይመረጣል። የግድ ከሆነ መርዝ መሆኑ ተቀባዩ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችልም በቃል ይነገር። በማንኛውም ጥቅል ላይ የዘሩ ዓይነትና የአካባቢ ስሙ፣ የተሰበሰበበት ቦታና ከፍታው፣ የታጨደበት ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ብቅለቱ በመቶኛ፣ መድኃኒት የነካው መሆኑ ወይም አለመሆኑ ሊሠፍር ይገባል። ጽሑፉ በውኃ እንዳይጠፋ በእርሳስ ተጽፎ አንዱ በውስጥ፣ ሌላው በውጭ ይደረግ። ምንነቱ ያልተገለጸ ዘር ጥርጣሬን ያስከትላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት ዘር በፖስታ ሲደርሳቸው መንግሥት እንዳይዘሩትና ለግብርና ባለሥልጣናት እንዲያሳውቁ ማዘዙ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ዘሩ ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ከሆነ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የተቀባዩ አገር ፈቃድ አስቀድሞ መገኘት አለበት። የአገር ዘር ወደ ውጭ ሲወጣም ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር መነጋገር ግዴታ ነው። ይህ ተቋም መሠረቱ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል ሲሆን ድርቅ ያሰጋውን የገበሬ ዘር ሰብስቦ በማቆየት ይታወቃል።

፮. ከላኪና ከተቀባይ የሚጠበቅ

ላኪው ከላከው ዘር ጥቂት ፍሬ በራሱ ዘንድ ያስቀር። ዘሩንም ከዝናቡ በፊት አስቀድሞ ይላክ። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚደርሰው በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን በመሆኑና ሣጥኑ በየቀኑ ላይከፈት ስለሚችል ተቀባዩ በስልክ ይነገረው።

ተቀባዩ ጥቅሉ እንደደረሰ 100 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ ይጠቅልልና ጨርቁ ሳይደርቅ ለአንድ ሳምንት ያህል ያቆየው፤ ዘግይተው ለሚበቅሉ ዘሮች ቀኑ ይጨመራል። 85 ቢበቅል ዘሩ ደኅና ነው። 40 ብቻ ቢበቅል መጠኑን አብዝቶ መዝራት ወይም ሌላ ማስላክ ያስፈልጋል። ውጤቱም ለላኪው ይጻፍ፤ ላኪው ካስቀረው ፍሬ ጋር ሲያስተያየው ጉዳቱ የደረሰው በመንገድ ወይም ከመንገድ በፊት መሆኑን ይለያል። ይህ ሙከራ ከአንድ ቁራጭ ጨርቅና ከጥቂት ውኃ በቀር ወጪ የለውም። ሳይደረግ ቢቀር ግን ወጪውን የሚከፍለው ያንን ክረምት ብቻ ተስፋ ያደረገው ቤተሰብ ነው።