ከመስኮት ወደ መስኮት፦ አልት-ታብ፣ የቁጥር ቁልፎችና የቦታ ትዝታ

በኮምፒዩተር ስንሠራ ጊዜ የሚወስድብን መጻፉ ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው መመላለሱም ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያሉትን የኮምፒዩተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። ጸሐፊዋ ወርድ ላይ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኤክሴል ላይ የሌላ ደንበኛ ሠንጠረዥ ክፍት ነው፣ ከፍላሽ የመጣ ፒዲኤፍ ደግሞ ሊታተም ይጠብቃል። ሒሳቡ በገጽ ስለሆነ የባከነው ደቂቃ ከእሷ ኪስ ነው የሚወጣው።

እስኪ እንቁጠረው። ካርድ፣ ሞራንና ኒውዌል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት እጅ ከቁልፍ ሰሌዳ ወደ ማውስ ለመሄድ 0.4 ሰከንድ፣ በማውስ ለማነጣጠር ደግሞ በአማካይ 1.1 ሰከንድ ይፈጃል። ጠቅታውና መመለሻው ሲጨመር 2 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። አልትን ይዞ ታብን መምታት ግን ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው። በቀን 200 ጊዜ ለሚቀያይር ሰው ልዩነቱ 5 ደቂቃ መሆኑ ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፍም ባላስፈለገው! በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥቅም ዓይንም ሐሳብም ከያዙት መስመር አለመነቀላቸው ነው።

ይሁንና አልት-ታብ አንድ ጣጣ አለበት። መስኮቶቹን የሚደረድረው በቅርብ በተጠቀምንባቸው ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ግሩም ነው፤ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። አራትና አምስት ሲሆኑ ግን ቅድም ሁለተኛ የነበረው ኤክሴል አሁን አራተኛ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በየጊዜው እያዩ መፈለግ ግድ ነው፤ ጣት ብቻውን ሊያስታውሰው አይችልም።

የቦታ ትዝታ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ካዛንቺስን የመሰለ ምሳሌ የለም። ስሙ ራሱ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች የመጣ ነው። እዚያ ሰፈር በቤት ቁጥር ቤት የሚፈልግ ማን ነበር? «ከኡራኤል አለፍ ብለህ፣ ከሱቋ ጎን ባለችው ቅያስ ግባ» ነበር የሚባለው። እግር ያውቀዋል፤ አእምሮ አይደክምም። በ2017 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ለመልሶ ማልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር ግን ትዝታው ምልክቱን አጣ። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ዛሬ ቆሞ አቅጣጫ ሲያስብ ይታያል። አልት-ታብም በየደቂቃው ሱቋን ከቦታዋ ያነሳብናል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ቦታ የማይለዋወጥበት መንገድ አለ። ከዊንዶውስ 7 (2009 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ 1ን መጫን በታስክባሩ ላይ ከግራ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ይከፍታል፤ ክፍት ከሆነም ወደ ፊት ያመጣዋል። 2 ሁለተኛውን፣ 3 ሦስተኛውን እያለ ይቀጥላል። በኡቡንቱም ይሠራል። መጀመሪያ ግን ፕሮግራሞቹን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ታስክባሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም እየጎተቱ በሚፈልጉት ተራ መደርደር ያስፈልጋል። ወርድ ላይ ሦስት ደብዳቤ ከተከፈተ የዊንዶውስን ቁልፍ ሳይለቁ ቁጥሩን ደጋግሞ መምታት ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል።

በአንድ ማሽን ሁለት ሰው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ተራውን አስቀድሞ መስማማት ይሻላል፤ አንዷ ያስተካከለችውን ሌላዋ ካዛወረችው ልፋቱ ከንቱ ነው። ደግሞም 7፣ 8 እና 9 ለግራ እጅ ሩቅ ስለሆኑ ዘወትር የሚሠራበትን ፕሮግራም ከ1 እስከ 4 ባለው ውስጥ ያድርጉት።