ሥነ ልቦና፦ ለመምህሩ መሣሪያ ወይስ ማመካኛ?

እንደሚታወቀው በመምህራን ማሠልጠኛ ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ሥነ ልቦና ትልቅ ቦታ አለው። ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ እንዴት እንደሚማርና ለምን እንደሚረሳ የሚያጠና ሙያ ስለሆነ፣ መምህር ያለ እሱ ክፍል ቢገባ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በደብተራችን የጻፍነውን ሁሉ ሳንመረምር ይዘን ብንወጣስ? በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ ነው።

1ኛ/ ጥቅሙ

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው በቃሉ ከያዘው ብዙውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳየ። ስለሆነም ዛሬ ያስተማርነውን ነገ ጥቂት፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጥቂት መከለስ አለብን ማለት ነው። ይህ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ባለው ክፍል እንኳ የሚሠራ ዕውቀት ነው።

2ኛ/ ጥንቃቄ የሚሻው

ሀ) በማን ላይ ተጠና? ፓቭሎቭ በውሾች፣ ስኪነር በአይጦችና በእርግቦች፣ ዣን ፒያዤም የሕፃናትን ዕድገት ሲያጠና በገዛ ሦስት ልጆቹ ላይ ሠርተዋል። ግኝታቸው ውሸት ነው አንልም። ግን በአንድ ዴስክ ተጣበው የሚቀመጡ የእኛ ልጆች ከዚያ ውስጥ የሉበትም። ስለዚህ «ይህ ልጅ ለዚህ ደረጃ ገና አልደረሰም» ከማለታችን በፊት በሌላ መንገድ ማስተማር ሞክረናል ወይ?

ለ) መለኪያው ለምን ተሠራ? ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 እ.ኤ.አ. የአእምሮ መለኪያ ሲያዘጋጅ፣ ዓላማው ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነበር። የልጅ አእምሮ ሊሻሻል አይችልም የሚለውንም አጥብቆ ተቃውሟል። ታዲያ ሌሎች መጡና ያንኑ መለኪያ ሰውን በማዕረግ ለመደርደር አዋሉት። እኛም ልጆችን «ጎበዝ፣ መካከለኛ፣ ደካማ» ብለን ደካማውን ከኋላ ወንበር ስናስቀምጠው የሠራነው ይህንኑ ነው።

ሐ) ፈተናው የልጁን ዕውቀት ያሳያል ወይ? እዚሁ ፒያሳ ቆሎ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ ልጆች አሉ። የአንዱ ሶፍት ዋጋ 15 ብር ነው እንበል። አንድ ሰው ሦስት ገዝቶ 100 ብር ቢሰጥ፣ ልጁ 55 ብር መልስ ለመቁጠር እርሳስ አይፈልግም እኮ! ያው ሒሳብ በሰሌዳ ላይ 100 − (3 × 15) ተብሎ ሲጻፍ ግን ዝም ሊል ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተመልክቷል። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት ነበር። አጥኚዎቹ እንደ ገዢ ሆነው ሲጠይቋቸው ከ100 ጥያቄ 98ቱን ያህል መለሱ። ያንኑ ሒሳብ በቁጥር ብቻ ሲሰጧቸው ግን የመለሱት 37ቱን ያህል ነው። አእምሯቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠያየቁ ነው።

መ) ቋንቋና ሆድስ? የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሀዋሳ ውስጥ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌላም የሚናገር ልጅ አለ። ባልገባው ቋንቋ የተጠየቀ ልጅ ዝምታው የስንፍና አይደለም። ቁርስ ሳይበላ የመጣውንም «ትኩረት የለውም» ብለን መዝገብ ላይ ብንጽፍ፣ ችግሩን ከቤቱና ከኑሮው ወስደን በጭንቅላቱ ውስጥ አስቀመጥነው ማለት ነው።

3ኛ/ ማጠቃለያ

ከላይ ለመግለጽ እንደሞከርነው ሥነ ልቦና ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሚጎዳው እኛ ማመካኛ ስናደርገው ነው። ስለዚህ ለተግባር ልምምድ ስንወጣ፣ በማንም ልጅ ስም ፊት «ደካማ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ጥያቄውን በሚያውቀው ነገር ጠይቀነዋል? በሚገባው ቋንቋ ነግረነዋል? ምን በልቶ፣ ከምን ሥራ ተነሥቶ እንደመጣ አውቀናል? ሦስቱን ሳንመልስ የምንጽፈው ቃል ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እኛ የሚናገር ነው። ልጁ ግን ያንን ቃል ተሸክሞት ያድጋል።

አስተያየት ያላችሁ መምህራንና እጩ መምህራን በሚቀጥለው እትም ብትጽፉበት ውይይቱ ይዳብራል እንላለን።