የጉና ተራራ አራዊትና ያጣነው ቀይ ቀበሮ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ሁሉ የጉናን ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይሰማል። ስሙን ከመስማት አልፎ በተራራው ላይ የሚኖረውን ፍጥረት ማወቅ ግን ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ ጠቃሚ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ተራራው፣ ቀጥሎ ስለ አራዊቱ፣ በመጨረሻም ከመካከላቸው ስለ ጠፋው ስለ ቀይ ቀበሮ በአጭሩ እንገልጻለን።

1ኛ/ ስለ ተራራው

ጉና በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል ይገኛል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እሳተ ገሞራ እየፈነዳ ያፈሰሰው የቀለጠ ዐለት ተደራርቦ የሠራው ተራራ ነው። ዛሬ እሳቱ ጠፍቶ በቦታው ብርድና ውርጭ ነግሠዋል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። እንግዲህ በጉና ሣር ሥር የሚሰርገው ዝናብ ለሩቅ አገር ሰውና ከብት ጭምር ሲሳይ ነው ማለት ነው።

ዕፅዋቱም ብርድ የሚችሉ ናቸው። ከታች አስታ፣ ከፍ ሲል ጓሳና ጅብራ ይበቅላሉ። ጅብራ ብዙ ዓመት ሲያድግ ይቆይና በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል።

2ኛ/ ስለ አራዊቱ

በደጋው ገደል አፋፍ የሚኖረው ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ሌሎች ዝንጀሮች ፍሬና ሥጋ ሲሹ፣ እርሱ ቁጭ ብሎ ሣር በጣቱ እየነጨ ይውላል፤ ሲመሽም ከጠላት ለመዳን ገደል ወርዶ ያድራል። በዐለቱ ስንጥቅ ሽኮኮ ይኖራል፤ በሰማዩም ንስርና ቁራ ያንዣብባሉ።

ይሁን እንጂ በደጋ ሣር ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ትንንሾቹ፣ አይጥና ፍልፈል ናቸው። አፈሩን ይቈፍራሉ፣ ይገለብጣሉም። ነገር ግን የሚገታቸው አዳኝ ከሌለ፣ ገብሱም ግጦሹም ከእነርሱ ጥርስ አያመልጥም።

3ኛ/ ስለ ቀይ ቀበሮ

የደጋ አይጥ ዋና አዳኝ ቀይ ቀበሮ ነው። የሳይንስ ስሙን ካኒስ ሲሜንሲስ ብሎ ያወጣለት ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1840 ነበር። ትርጓሜውም «የስሜን ውሻ» ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ በቤተ ሰብ ተሰባስቦ ይኖራል፤ ለአደን ግን ብቻውን ይወጣል። አልፎ አልፎ ግልገል መንጠቁ ባይካድም፣ ምግቡ ከሞላ ጐደል አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ ለገበሬው ከጠላትነቱ ይልቅ ወዳጅነቱ ያመዝናል።

ይህ አውሬ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ የቀረውም 500 ያህል ብቻ ነው። ዛሬ የሚኖረው በስድስት አካባቢዎች ማለትም በስሜን፣ በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎ፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። ቀድሞ በጉናም ጥቂቶች ነበሩ። አሁን ግን ጉና ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

4ኛ/ ስለ ምን ጠፋ? ስለ ምንስ አይመለስም?

ሊቃውንት በደጋው ሁሉ ለቀይ ቀበሮ መመናመን ሁለት ዋና ምክንያቶች ይሰጣሉ። አንደኛው፣ እርሻው ዳገት ለዳገት እየወጣ፣ ከብቱም እየበዛ፣ ሣሩ መጥበቡ ነው። ሁለተኛው፣ ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ ተራራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991ና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎችን ፈጅቷል። ብዙ ባሉበት ቦታ የተረፉት ይራባሉ፤ ጥቂት ባሉበት ግን አንድ ክፉ ዘመን ብቻ ዘራቸውን ያጠፋል።

የጠፋውም በራሱ አይመለስም። ቀይ ቀበሮ የደጋ አውሬ ነው፤ ጉና ደግሞ በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ነው። ወደ ወሎ በኩል ከስማዳ ማዶ የበሽሎ ቆላ ይጋረጣል፤ ወደ ስሜን በኩል የበለሳ ቆላና የታረሰ አገር ይዘረጋል። ይህን ሐሩር አቋርጦ የሚመጣ ቀበሮ የለም።

5ኛ/ ምን እናድርግ?

የመንዝ ሰዎች ጓሳቸውን «ቄሮ» በተባለ ሥርዐት ለብዙ ትውልድ ጠብቀዋል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ ባለመብቱ ሁሉ በአንድነት ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ሥርዐቱ ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ተማክሮ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቆመ። ስለዚህ ዛሬም በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው ይታያሉ፤ ገበሬውም የቤት ክዳንና የገመድ ሣር አላጣም። ከዚህ የምንረዳው አራዊትን መጠበቅ ሰውን መጐዳት አለመሆኑን ነው።

እኛ ተማሪዎች ተራራውን ለማጠር ሥልጣን የለንም። ነገር ግን የቤታችን ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲከተብ አባቶቻችንን መለመን እንችላለን። ከብት ስንጠብቅ አስታውን ከማቃጠል፣ ጭላዳውንም በድንጋይ ከማሳደድ መታቀብ እንችላለን። ቀይ ቀበሮውን አጥተነዋል፤ ጭላዳው፣ ጓሳውና ጅብራው ግን ገና በእጃችን ናቸው። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች እነዚህንም እንደ ቀበሮው በጽሑፍ ብቻ እንዳያውቋቸው፣ አደራው የእኛ ነው።