ምዕራፍ ሰባት፤ የመንገድ ዕቃ

የትምህርቱ ዓላማ
ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ሲፈጽሙ፤
1. ምንባቡን በማስተዋል አንብበው ፍሬ ሐሳቡን ይለያሉ፤
2. ምክንያትን፣ ዓላማንና ሁኔታን የሚያመለክቱ ጥገኛ ሐረጎችን በትክክል ይጠቀማሉ፤
3. ተራ ዝርዝርን ወደ አስረጂ ድርሰት ይለውጣሉ።

ሀ. ምንባብ

ከማንበባችሁ በፊት ይህን ጥያቄ አስቡበት፤ ከቤታችሁ ርቃችሁ አንድ ዓመት ብትቀመጡና ልትይዙ የምትችሉት በጀርባችሁ የምትሸከሙትን ብቻ ቢሆን፣ በመጀመሪያ ምን ታነሣላችሁ?

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር መንገድ ላይ አየሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። መኪናው ከዚያ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲያያዘው፣ ሸሚዙን ከፍቶ የተሳፈረው መንገደኛ ቀስ በቀስ ይቆልፋል፤ መስኮቱም ይዘጋል። ደሴ የምትገኘው በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ ለትምህርቱ ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከኮምቦልቻ ሄዶ በደሴ የሚማር አንድ ወጣት ለታናሽ እኅቱ የጻፈው ሆኖ ቀርቧል።

ደሴ፣ ሰኔ ወር

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ። በመጪው መስከረም እዚህ መጥተሽ ትምህርትሽን እንደምትቀጥዪ እማዬ ነግራኛለች። እንግዲህ በእኔ የደረሰው በአንቺ እንዳይደርስ ስለ ዕቃሽ ጥቂት ልጻፍልሽ።

አምና ከቤት ስወጣ፣ እማዬ ራሷ ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ «ያዝ» ብትለኝ፣ «ደሴ እኮ እዚሁ ናት፤ ሽማግሌ አታስመስዪኝ!» ብዬ በጎረቤት ፊት ትቼው እንደ ወጣሁ ታስታውሻለሽ። በጋቢው ቦታ አዲሱን የሸራ ጫማዬንና ሁለት ስስ ሸሚዝ አኖርሁ። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ፀሐይ ስለ ነበር ትክክል የሠራሁ መሰለኝ። ኅዳር ሲገባ ግን ሌሊቱ ከፋ። ጧት ጧት በሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ጣቶቼን ቆፈን ስለሚይዛቸው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ ሳልጽፍ አሳልፍ ነበር። «ጋቢውን ላኩልኝ» እንዳልል አፈርሁ። በመጨረሻ ታምሜ የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና እየሳልሁ ተፈተንሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ፣ አክስታችን በነጠላ ተጠቅልላ ኩርምት ብላ አየኋት። የራሷን ጋቢ ለካ በእኔ ላይ ደርባው ኖሯል።

ይህ ቅዝቃዜ ከምን እንደሚመጣ የጂኦግራፊ መምህራችን አስረድተውናል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 650 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ስላለ፣ የእኛ አየር ከእናንተ በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። እንግዲህ መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ አትለኪው፤ በቁመትም ለኪው።

አንደኛ፣ ጋቢሽን ያዢ። ሌሊት ትለብሺዋለሽ፤ ማለዳ ደርበሽው ታጠኛለሽ። አንድ ወፍራም ሹራብና ሁለት ጥንድ ካልሲ ጨምሪበት። ቀን ቀን ፀሐዩ ስለሚሞቅ፣ ከአንድ ከባድ ካፖርት ይልቅ የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለዝናብ ተዘጋጂ። ሐምሌና ነሐሴ ዶፉ ይበረታል፤ ዶፉ ሲያባራ ደግሞ ካፊያው ይቀጥላል። ጉሙ ከተማውን ስለሚሸፍነው የታጠበ ልብስ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይሰነብታል፤ ስለዚህ ቅያሪሽ ከሁለት አይነስ። የበልጉንም ዝናብ አትርሺ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ማለዳው ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላል። ጃንጥላ መልካም ነው፤ ዳገት ላይ ነፋስ ከመጣ ግን ይገለብጠዋል። ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ ሁለቱን እጆችሽን ነፃ ያደርግልሻል። ደብተሮችሽ እንዳይርሱ በላስቲክ ጠቅልያቸው።

ሦስተኛ፣ ለእግርሽ አስቢ። እዚህ ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ ገበያ የሚኬደው በዳገትና በቁልቁለት ነው። የሸራ ጫማ ውኃ ይመጥጣል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማም በድጥ ላይ ያንሸራትታል። ሶሉ ጥርስ ያለው ዝግ ጫማ አድርጊ። ጫማሽ አዲስ ቢሆን፣ እግርሽን እንዳይልጠው አስቀድመሽ እዚያው ሳምንት ያህል ተጫሚው።

አራተኛ፣ የማትሸከሚውን አትያዢ። ከመኪናው ከወረድሽ በኋላ የአክስታችን ቤት ሽቅብ ነው። ሻንጣሽን ሞልተሽ በሰፈራችን ዳገት ላይ ለሩብ ሰዓት ተሸክመሽ ሞክሪው፤ ከከበደሽ እዚህ ገበያ የሚገኘውን ሳሙናና ደብተር ቀንሺ። ስንቅ የሚሆንሽ በሶና ቆሎ ነው፤ አይበላሽም፤ ለአክስታችንም ይተርፋል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። እኔ ሳልጠረጥር ቀርቼ ብርዱን የቀመሰችው ግን አክስታችን ናት። ሰው ንቆ የተወውን ዕቃ ዋጋ፣ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ያስጠጋው ሰው ነው። ስትመጪ የእኔንም ጋቢ አምጪልኝ፤ አሁን አላፍርም።

ወንድምሽ

ለ. የቃላት ጥናት

በደብዳቤው ውስጥ የቅዝቃዜና የዝናብ ስሞች ተለይተው መነገራቸውን አስተውሉ። ሁሉን «ብርድ» ወይም «ዝናብ» ብሎ ማለፍ ድርሰትን ያደበዝዛል።
ውርጭ፦ በሌሊት ብርድ ጤዛው ረግቶ በሣርና በቅጠል ላይ ነጥቶ የሚታይ።
ቆፈን፦ ጣት በብርድ ደንዝዞ አልታዘዝ ማለቱ።
ዶፍ፦ በኃይል የሚወርድ ዝናብ።
ካፊያ፦ እንደ መርጨት ያለ ቀጭን ዝናብ።
ድጥ፦ እርጥብና የሚያንሸራትት መሬት። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው አነጋገር፣ ከክፉ ወደ ባሰ ነገር መግባትን ያመለክታል።

ሐ. ሰዋስው፤ ጥገኛ ሐረግ

ጥገኛ ሐረግ ብቻውን ሲነገር ሐሳቡ አይፈጸምም። «ጉሙ ከተማውን ስለሚሸፍነው» ብሎ ያቆመ ሰው አድማጩን አንጠልጥሎ ይተወዋል። ሐሳቡ ሙሉ የሚሆነው «የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሰነብታል» የሚለው ዋና ሐረግ ሲከተለው ነው።

1. ምክንያት። በግሥ ላይ የሚገባው «ስለ» ምክንያትን ያመለክታል፤ «ፀሐይ ስለ ነበር ትክክል የሠራሁ መሰለኝ።» «የሚ» ያለበት ግሥ ሲከተለው «የ» ይወድቃል፤ ስለ + የሚሞቅ = ስለሚሞቅ። ነገር ግን በስም ላይ ሲገባ «ስለ» መስተዋድድ ሊሆን ይችላል፤ «ስለ ዕቃሽ ጥቂት ልጻፍልሽ» በሚለው ውስጥ ምክንያትን አያመለክትም፤ የሚነገርበትን ጉዳይ እንጂ።

2. ዓላማ። አንድ ነገር እንዲሆን ሲፈለግ «እንዲ...»፣ እንዳይሆን ሲፈለግ «እንዳይ...» እንላለን፤ «ደብተሮችሽ እንዳይርሱ በላስቲክ ጠቅልያቸው።»

3. ሁኔታ። «ነፋስ ከመጣ ይገለብጠዋል»፤ «ጫማሽ አዲስ ቢሆን አስቀድመሽ ተጫሚው።» «ቢ...» ላይ «ም» ሲጨመር ፍቹ ይለወጣል፤ «ቢዘንብም እሄዳለሁ» ያለ ሰው ዝናቡ አያስቀረውም።

ጥንቃቄ፦ «ስለ»ንና «ምክንያቱም»ን ለአንድ ምክንያት ደርባችሁ አትጻፉ። «ጉም ስለሚበዛ ምክንያቱም ልብስ አይደርቅም» ስሕተት ነው። «ጉም ስለሚበዛ ልብስ አይደርቅም»፣ ወይም «ልብስ አይደርቅም፤ ምክንያቱም ጉም ይበዛል» ይባላል።

መ. ድርሰት፤ ከዝርዝር ወደ ማስረዳት

«ጋቢ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ዝግ ጫማ» የሚለው ዝርዝር ነው። ዝርዝር ለጻፈው ሰው ማስታወሻ ይሆነዋል፤ ለሌላው አንባቢ ግን ለምን እንደ ተመረጠ አይነግረውም። ምክንያቱን ያላወቀ አንባቢ ሁኔታው ሲለወጥ ዕቃውን መለወጥ አይችልም።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። ቾንግቺንግ በቻይና የያንግትሴና የጂያሊንግ ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ታላቅ ከተማ ናት። እርሷም እንደ ደሴ ዳገትና ጭጋግ የበዛባት ናት። ስለ ሁለቱም «ተራራማና እርጥበታም ከተማ» ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን የቾንግቺንግ ከፍታ ከደሴ እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ በበጋቸው ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ የሚጠቅመው ስስ የጥጥ ልብስ ነው። በክረምታቸው ደግሞ እርጥበት ያለው ቅዝቃዜ ስለሚመጣ ሹራብ ያስፈልጋል። ጥሩ ጫማና የዝናብ መከላከያ ለሁለቱም ከተሞች ይሆናሉ፤ የልብሱ ውፍረት ግን በቅጽል አይወሰንም፤ በከፍታና በወር እንጂ። በአገራችንም ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ቆላ የሚወርድ ሰው ከወፍራም ሹራብ ይልቅ ስስ ልብስና የወባ ትንኝ መከላከያ አጎበር ይጠቅመዋል።

ስለዚህ አስረጂ ድርሰት ስትጽፉ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ በመጀመሪያ አንባቢያችሁ ማን እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሄድ ለዩ፤ ቀጥሎ ዋናውን ምክንያት አስረዱ፤ ከዚያም ነጥቦቹን እንደ አስፈላጊነታቸው እያንዳንዳቸውን በየአንቀጻቸው ከነምክንያታቸው ግለጹ፤ በመጨረሻም አንባቢው ሊያደርገው የሚገባውን በአጭሩ ተናግራችሁ ዝጉ።

ሠ. መልመጃ

1. ጸሐፊው በኅዳር ወር ጋቢው እንዲላክለት ያልጠየቀው ለምንድር ነው? ከጉዳዩ ሁሉ የከበደውስ ምንድር ነው?
2. «መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ አትለኪው፤ በቁመትም ለኪው» የሚለውን በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
3. ከደብዳቤው ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክቱ ሦስት፣ ዓላማን የሚያመለክቱ ሁለት ጥገኛ ሐረጎች አውጥታችሁ ጻፉ።
4. ቀጥሎ ያለውን አርሙ፤ «መንገዱ ድጥ ስለ ሆነ ምክንያቱም ወደቅሁ።»
5. ከምትኖሩበት ስፍራ ወደ አንድ የታወቀ ደጋ ወይም ቆላ ከተማ ለሚሄድ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ፣ በአራት አንቀጽ የተከፈለ ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ዕቃ እንኳ ያለ ምክንያት አትጥቀሱ። ስትጨርሱ ጽሑፋችሁን ለጓደኛችሁ አስነብቡ፤ «ይህ ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት ስፍራ ካለ፣ ያ አንቀጽ ገና አልተፈጸመም።