ፍሬን ሲያዝ የመኪና መሪ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ለአጥቢያ የልማት ሥራ የተመደበ ተሽከርካሪ ዘር፣ የውኃ ፓምፕ ዕቃና ባለሙያ ጭኖ የሚመላለሰው በአብዛኛው በጠጠር መንገድና በዳገት ቁልቁለት ነው። ከሾፌሮች ተደጋግመው ከሚሰሙ አቤቱታዎች አንዱ «ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል» የሚለው ነው። ኮሚቴው ይህን ቃል በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ወደ ሌላ አጀንዳ ሊያልፍ አይገባውም፤ የጋራዡን ሒሳብ የሚያጸድቀውም፣ በመኪናው ስለሚጓዙት ሰዎች የሚጠየቀውም እርሱ ነውና።

በአብዛኞቹ ቀላል ተሽከርካሪዎች የፊት እግር ፍሬን የዲስክ ፍሬን ነው። ዲስኩ ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሰሃን ሲሆን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ካሊፐሩ ሁለት የፍሬን ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ ይጫንበታል። ሰሃኑ ዙሪያውን እኩል ውፍረት ካለው አያያዙም እኩል ይሆናል። አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ከሳሳ ግን በእያንዳንዱ ዙር ኃይሉ ይጠብቃል፣ መልሶም ይላላል፤ ይኸው መፈራረቅ በመሪው ዘንጎች በኩል ተላልፎ ከሾፌሩ እጅ ይደርሳል። የሚያስደንቀው የልዩነቱ ትንሽነት ነው። የአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶኛ፣ ማለትም 0.02 ሚሊሜትር ያህል የውፍረት ልዩነት እንኳ በእጅ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን በዓይን ብቻ አይቶ «ደኅና ነው» ማለት ምርመራ አይባልም።

በየጋራዡ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ስም «ዲስኩ ተጣሟል» የሚል ነው። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ዲስክ በሙቀት ብቻ እንደ ቆርቆሮ መጣመሙ እምብዛም ነው። የሚበዛው ሌላ ነው፦ ጎማ ወይም ዲስክ ተፈትቶ ሲታሰር በዲስኩና በመቀመጫው መካከል ዝገት ወይም አፈር ይቀራል፤ ወይም የጎማው ብሎኖች አንዱ እጅግ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ይታሰራል። ያን ጊዜ ዲስኩ በጥቂቱ ተዛብቶ ይዞራል። ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ እንኳ በየዙሩ አንድ ቦታው ሸራውን እየነካ ያልፋል፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላም ያ ቦታ ይሳሳል። መንቀጥቀጡ የሚጀምረው ጎማው ከተቀየረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በመሆኑ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ሰው አይገኝም። ጎማ የተፈታበት ቀን በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ የምንለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው ካልተደረገ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ዲስኩ እንደጋለ መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ ደግሞ የሸራው ቁስ በአንድ ቦታ ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛው፣ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ወይም ፒስተኑ በአቧራና በዝገት ተይዘው ሸራውን አለመልቀቃቸው ነው። ለዚህ ምልክቱ ከጉዞ በኋላ የአንዱ እግር ቸርኬ ከሌላው ይልቅ መጋሉና የመቃጠል ሽታ መኖሩ ነው። ዲስኩን በእጅ መንካት ግን አደጋ አለው።

የምርመራው መነሻ ሾፌሩን በሚገባ መጠየቅ ነው። በሰዓት 80 ወይም 100 ኪሎሜትር ሲነዳ ፍሬን ሳይያዝም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የጎማ ባላንስ፣ ያበጠ ጎማ ወይም የተጎዳ ቸርኬ ናቸው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነና በመሪው ላይ ከተሰማ ችግሩ በአብዛኛው ከፊት እግር ነው፤ መሪው ረግቶ መቀመጫው ከተንቀጠቀጠ ወደ ኋላው ፍሬን መመልከት ይገባል። ኤቢኤስ ባለው መኪና በሚያንሸራትት መንገድ በኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ ቶሎ ቶሎ ቢመታ የሥርዓቱ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ቀጥሎ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በመደገፊያም ተደግፎ፣ ጎማው ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ይወዘወዛል፤ የላላ ኩሽኔታ ወይም ያለቀ ቴስቲና በዚህ ይታወቃል። እነዚህ መንቀጥቀጡን ያጎላሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ምንጩ አይደሉም። ቴስቲና ብቻ ተቀይሮ፣ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎ፣ ችግሩ ተመልሶ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ዋናው ሥራ መለካት ነው። ውፍረቱ በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ ላይ፣ ዝብቱም ሰዓት በሚመስለው መለኪያ ይታያል። ለብዙ መኪኖች የሚፈቀደው ዝብት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ቢሆንም የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ነው። ዲስኩ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት በብዙዎች ላይ በራሱ በዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ልኩ ከዚያ በላይ ከሆነ ዲስኩ በቶርኖ ሊስተካከል ይችላል፤ ተስተካክሎም ከዝቅተኛው ልክ መውረድ የለበትም። ካነሰ ይቀየራል፤ በሁለቱም ወገን አንድ ላይ ቢቀየር ይመረጣል። ሸራውም አብሮ አዲስ ይሁን። ከሁሉ በፊት መቀመጫው በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ይጸዳ፤ ይህ ካልተደረገ አዲሱም ዲስክ እንደ አሮጌው ይሆናል። ፒኖቹ ተጠርገው ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት ይቀባሉ፤ ተራ ግሪስ አይሆንም። ብሎኖቹ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ በቶርክ ቁልፍ እንደ መመሪያው ይጠብቁ፤ በእግር ተረግጦ የሚጠብቅ ብሎን ልክ የለውም። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይፈተሹ። አዲስ ሸራ በመጀመሪያ በባዶ መንገድ ከ60 ወደ 15 ኪሎሜትር ያህል በመጠኑ እየያዙ፣ ሳያቆሙ፣ በመካከሉም እያቀዘቀዙ አሥር ጊዜ ያህል ቢለማመድ ከዲስኩ ጋር በእኩል ይገጥማል።

ኮሚቴው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ጋራዡን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የተለካው ልክ በጽሑፍ፣ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ፣ ሾፌሩ በተገኘበት የተደረገ የመንገድ ሙከራ። «ለካሁ» ብሎ ቁጥር ለማይሰጥ ባለሙያ ዕቃ እንዲገዛ ባይፈቀድለት ይሻላል።

መጠነኛ መንቀጥቀጥ ለጥቂት ቀን ቀጠሮ ሊሰጠው ይችላል። ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ ከተሰማ ወይም የፍሬን ዘይት ከጎደለ ግን መኪናው ሰው ሳይጭን፣ ባለበት ቆሞ መካኒክ ይጠራለት።